ያረጀ የአስፋልት ጣሪያና የአኩሪ አተር ዘይት

የአስፋልት ጣሪያ ምንነት

ኢትዮጵያ ውስጥ አስፋልት ሲባል መንገድ፣ ጣሪያ ሲባል ቆርቆሮ ይታወሳል። በአሜሪካና በካናዳ ግን አብዛኛው መኖሪያ ቤት የሚከደነው ከአስፋልት በተሠራ ሺንግል (እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተደራረበ በሚስማር የሚመታ ስስ የጣሪያ ክዳን) ነው። በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ ቤት የገዛ ኢትዮጵያዊ ከቤቱ ጋር የሚረከበው ጣሪያ በአብዛኛው ይኸው ነው። ክዳኑ ስንት ዓመት እንዳገለገለና ስንት ዓመት እንደቀረው የሚታሰበው ግን ብዙውን ጊዜ ማፍሰስ ሲጀምር ወይም ኢንሹራንስ ሲታደስ ነው።

ሺንግልን በመጀመር ስሙ የሚነሣው ሄንሪ ሬይኖልድስ የተባለው የሚሺጋን ግዛት የጣሪያ ተቋራጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 በግራንድ ራፒድስ ከተማ፣ በጥቅል ይመጣ የነበረውን ሬንጅ የጠጣ ክዳን በትንንሹ እየቆረጠ መደራረብ ጀመረ። በዘመኑ የተለመደው የእንጨት ክዳን እሳትን ከቤት ወደ ቤት በቀላሉ ያዛምት ስለነበር፣ አዲሱ ክዳን በኢንሹራንስ ሰዎች ዘንድ ተቀባይነት አገኘ።

ዛሬ የሚመረተው ሺንግል ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 33 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በጎን ሲቆረጥ መሐል ላይ ከፋይበር ግላስ (ከብርጭቆ ከተፈተለ ቀጭን ክር) የተሠራ ስስ ምንጣፍ ይታያል። ምንጣፉ ከላይም ከታችም በሬንጅና በተፈጨ የኖራ ድንጋይ ድብልቅ ተለብጧል። በላይኛው ገጽ ላይ ቀለም የተቀባ ድቃቂ ጠጠር ተጭኖበታል። በተጨማሪም አንድ የማጣበቂያ መስመር አለው። ክዳኑ ከተሰቀለ በኋላ ፀሐይ ሲያሞቀው ይህ መስመር ይቀልጥና የላይኛውን ረድፍ ከታችኛው ጋር ያጣብቃል፤ ነፋስ ጣሪያውን እንዳይገልበው የሚይዘው ከሚስማሩ ይልቅ ይህ መስመር ነው ማለት ይቻላል።

ሬንጅ ከምን ከምን እንደተዋቀረ

ድፍድፍ ነዳጅ ሲጣራ ቤንዚኑ፣ ናፍጣውና ሌላው ቀላል ክፍል ተንኖ ይወጣል። በመጨረሻ የሚቀረው ከባድና ጥቁር ዝቃጭ ሬንጅ ነው። ውስጡ በሁለት ታላላቅ ክፍሎች ሊከፈል ይችላል። አንደኛው አስፋልቲን (ትልልቅና ጠጣር ሞለኪውሎች) ሲሆን ለሬንጁ ጥንካሬና ጥቁረት ይሰጠዋል። ሁለተኛው ማልቲን (ቅባትነትና ሙጫነት ያላቸው ትንንሽ ሞለኪውሎች) ይባላል። አስፋልቲኖቹ በማልቲኑ ውስጥ ተበትነው ይኖራሉ። ማልቲኑ በቂ ሲሆን ሬንጁ ይተጣጠፋል፣ ይጣበቃል፣ ይሳሳባል፤ ሲያንስ ደግሞ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።

ለጣሪያ የሚውለው ሬንጅ ከመንገዱ ይለያል። የመንገድ ሬንጅ ወደ 50 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጠጋ መለስለስ ይጀምራል፤ በበጋ ቀትር የጣሪያ ገጽ ግን 70 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ሬንጁ እንዳለ ቢለበጥ ኖሮ በመጀመሪያው በጋ ተንሸራቶ አሸንዳ ውስጥ በገባ ነበር። ስለዚህ በፋብሪካ ውስጥ ወደ 250 ዲግሪ እንዲሞቅ ተደርጎ አየር ይነፋበታል። በአየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከማልቲኑ ከፊሉን ወደ አስፋልቲን ይቀይረዋል፤ የመለስለሻው ሙቀትም ወደ 100 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል።

ከዚህ የሚከተለው ነጥብ ለቀሪው ማብራሪያ ቁልፍ ነው። ሬንጅ የሚያረጀው ከኦክስጅን ጋር በመዋሃድ ነው፤ ፋብሪካውም ሬንጁን ለጣሪያ የሚያበቃው በዚያው መንገድ ነው። አዲስ ሺንግል ገና ሳይሰቀል የእርጅናውን ጉዞ በከፊል ጨርሶ ይጠብቃል።

የእርጅናው መንስኤ

ጣሪያው ላይ ከተሰቀለ በኋላ በፋብሪካ የተጀመረው ለውጥ በዝግታ ይቀጥላል። ሙቀት ያፋጥነዋል፤ በዚህ ምክንያት በአሪዞናና በቴክሳስ ያለ ክዳን በሰሜኑ ካለው ቀድሞ ይደክማል። ቀላሎቹ ቅባቶች በሙቀቱ እየተነኑ ይጠፋሉ፤ የቀሩት ደግሞ ኦክስጅን እየያዙ እርስ በርስ በይበልጥ የሚሳሳቡ ከባድ ሞለኪውሎች ይሆናሉ። አስፋልቲኑ እየበዛ፣ ማልቲኑ እየሳሳ ይሄዳል።

በላይኛው ገጽ ላይ አልትራቫዮሌት (በዓይን የማይታይ ኃይለኛ የፀሐይ ጨረር) የራሱን ጉዳት ይጨምራል። ይህ ጨረር ሬንጅ ውስጥ ጠልቆ አይገባም፤ የነካውን ስስ ገጽ ግን አድርቆ ያፈራርሰዋል። ድቃቂው ጠጠር ለጌጥ ብቻ የተጫነ ሳይሆን ዋና ሥራው ይህን ጨረር መመከት ነው። ሬንጁ ሲደርቅ ጠጠሩን የሚይዝበት ኃይል ይቀንሳል፤ ጠጠሩ ሲረግፍ ሬንጁ ለጨረር ይጋለጣል፤ የተጋለጠው ሬንጅ ይበልጥ ደርቆ ሌላ ጠጠር ይለቅቃል። ከከባድ ዝናብ በኋላ አሸንዳው ውስጥ የሚጠራቀመው ሻካራ አሸዋ መሰል ነገር ይኸው ጠጠር ነው። ክዳኑ አዲስ በተሰቀለበት ዓመት ጥቂት ጠጠር መርገፉ ያለ ነው፤ ከፋብሪካ ትርፍ ሆኖ የመጣ ነውና አያሳስብም። የሚያሳስበው ከዓመታት ዝምታ በኋላ እንደገና መብዛቱ ነው።

ቀንና ሌሊትም ድርሻ አላቸው። ክዳኑ ቀን ይለጠጣል፣ ሌሊት ይኮማተራል። ተጣጣፊ ሬንጅ ይህን ችሎ ይኖራል። የደረቀው ግን ስንጥቅ ያወጣል፤ ጠርዙም ወደ ላይ ይቆለመማል። ብዙ ጊዜ እንደ እርጅና የሚቆጠረው ጥቁር ጅራት መሰል እድፍ በአንጻሩ ሌላ ነገር ነው። እድፉ ግሊዮካፕሳ ማግማ የተባለች፣ በእርጥበት የምትኖርና የኖራ ድንጋዩን የምትመገብ ደቂቅ ነፍስ ያለባት ቦታ ነው። መልክ ታበላሻለች እንጂ ሬንጁ መድረቁን አታመለክትም።

ጣሪያ ላይ የሚረጭ ዘይት ከአኩሪ አተር የሚገኝበት መንገድ

ማልቲን ያጣ ሬንጅ ማልቲን መሰል ቅባት ቢሰጠው መልሶ ይለሰልሳል የሚለው ሐሳብ ከመንገድ ሥራ የመጣ ነው። የመንገድ መሐንዲሶች አሮጌ አስፋልት ቆፍረው ከአዲስ ጋር ሲደባልቁ፣ ሬጁቪኔተር (ያረጀ ሬንጅን የሚያለሰልስ ቅባት) ይጨምሩበታል። ቀድሞ ለዚህ ይውል የነበረው ከነዳጅ የተገኘ ዘይት ነበር። ቀስ በቀስ ከአኩሪ አተር፣ ከበቆሎና ከጥድ የሚገኙ ዘይቶች ተጨመሩ። በኦሃዮ ግዛት ኮሎምበስ ከተማ የሚገኘው ባቴል የተባለ የምርምር ተቋም በአኩሪ አተር ላይ የተመሠረተ የአስፋልት ማለስለሻ ከሠሩት አንዱ ነው፤ ያረጀ ሺንግልን ለማለስለስ ጣሪያ ላይ የሚረጨው ዘይትም ከዚህ ዓይነት ሥራ የተወለደ ነው። ኦሃዮ አኩሪ አተር በብዛት የሚመረትበት ግዛት በመሆኑ ለዘይቱ አዲስ ገበያ መፈለጉ አይገርምም።

ለምግብ የሚውለው ዘይት እንዳለ ቢረጭ አይሠራም። የአትክልት ዘይት ሞለኪውል አንድ ግሊሰሪን ላይ ሦስት ረጃጅም የቅባት አሲዶች የተንጠለጠሉበት በመሆኑ ትልቅ ነው። ዘይቱም ወፍራም ስለሚሆን ላይ ላዩን ይቀራል። ስለዚህ ዘይቱ ሜታኖል ከተባለ አልኮልና ከአንድ አፋጣኝ (ራሱ ሳያልቅ ለውጡን የሚያፋጥን ንጥረ ነገር) ጋር ይደባለቃል። ሦስቱ አሲዶች ከግሊሰሪኑ ይላቀቁና እያንዳንዳቸው ከሜታኖል ጋር ይጣመራሉ። ከ100 ኪሎ ዘይትና ከ10 ኪሎ ሜታኖል 100 ኪሎ ገደማ ሜቲል ኤስተርና 10 ኪሎ ገደማ ግሊሰሪን ይገኛል። ግሊሰሪኑ ለሳሙናና ለመዋቢያ ይሄዳል፤ ሜቲል ኤስተሩ በመሠረቱ ባዮዲዝል ተብሎ በናፍጣ ፋንታ የሚነዳው ፈሳሽ ነው።

አዲሱ ሞለኪውል ከቀድሞው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። በ40 ዲግሪ ሙቀት ሲለካ የፈሳሹ ውፍረት ከጥሬው ዘይት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ሬንጅን የማሟሟት ኃይልም አለው፤ ከመሣሪያና ከመኪና ላይ ሬንጅ ለማስለቀቅ በሚሸጡ ፈሳሾች ውስጥ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። ለጣሪያ ያበቃው ችሎታና ሊያስከትል የሚችለው ጉዳት ከአንድ ጠባይ የሚመነጩ ናቸው።

ዘይቱ በሬንጁ ውስጥ የሚሠራው ሥራ

ፈሳሹ ሲረጭ ክዳኑ ወዲያው ይጠቁራል፤ ውኃ እንደነካው ሁሉ ቀለሙ ይደምቃል። ቀጥሎ በጠጠሮቹ መካከልና በጥቃቅኑ ስንጥቅ በኩል ወደ ሬንጁ ይሰርጋል። ትንንሾቹ ሞለኪውሎች ተቆላልፈው በነበሩት አስፋልቲኖች መካከል ይገቡና ያራርቋቸዋል። ሬንጁ ዳግም የመተጣጠፍ አቅም ያገኛል፤ ጠጠሮቹንም ለጊዜው አጥብቆ ይይዛል።

ይህ ማለት ግን የኦክስጅኑ ለውጥ ተቀለበሰ ማለት አይደለም። አስፋልቲን የሆነው አስፋልቲን ሆኖ ይቀራል፤ የተለወጠው የቅባቱና የጠጣሩ ምጥጥን ብቻ ነው። በዘርፉ ውስጥ «ማለስለስ» እና «ማደስ» በሚሉት ቃላት ላይ ክርክር ያለው በዚህ ምክንያት ነው። የሽያጭ ወረቀቶች ሁለተኛውን ይመርጣሉ። ቃሉን ጠበቅ አድርጎ ለሚይዝ ሰው ግን፣ ቢያንስ በጣሪያ ላይ፣ የመጀመሪያው ለእውነታው ይቀርባል።

ዘይቱም ራሱ ያረጃል። ከአኩሪ አተር ዘይት ግማሽ ያህሉ ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ይህ አሲድ ኦክስጅን በቀላሉ የሚይዝ ሁለት ደካማ ቦታ አለው። የተልባ ዘይት ለቀለም ሥራ የተመረጠው እንዲህ ባለ ጠባይ፣ አየር ሲነካው የሚደርቅና የሚጠነክር በመሆኑ ነበር። ለጣሪያ የሚፈለገው ተቃራኒው ነው፤ ሳይደርቅ የሚቆይ ቅባት። ከሊኖሌይክ አሲድ አንጻር የኑግ ዘይት ከአኩሪ አተሩም ስለሚብስ ለዚህ ሥራ የሚመረጥ አይሆንም። ሻጮች ርጭቱ በየ5 ዓመቱ፣ እስከ ሦስት ጊዜ እንዲደገም የሚመክሩበት አንዱ ምክንያት ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ የተሰጠው ልስላሴ ዘላቂ አይደለም።

ርጭቱ ሊመልሳቸው የማይችላቸው ነገሮች

የረገፈ ጠጠር በዘይት አይመለስም። ጠጠሩ በሰፊው ከረገፈና ጥቁሩ ሬንጅ ወይም የፋይበር ግላሱ ክር ከታየ፣ ርጭቱ የሚያለሰልሰው ለቀጣዩ በጋ ጨረር የተጋለጠ ገጽ ነው። የተቀደደ ምንጣፍም አይገጥምም። በበረዶ ጠጠር የተመታ ክዳን ከላይ ጠባሳ ብቻ ቢመስልም ከሥሩ ምንጣፉ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል።

አብዛኛው የጣሪያ ፍሳሽ የሚጀምረው ደግሞ ከክዳኑ ሜዳ ላይ አይደለም። የጭስ ማውጫው ከጣሪያው የሚጋጠምበት ቆርቆሮ፣ የቧንቧው የጎማ አንገትጌ፣ ሁለት ተዳፋት የሚገናኙበት ሸለቆ፣ ከቦታው ብቅ ያለ ሚስማር ዋናዎቹ በሮች ናቸው። ከእነዚህ አንዱንም ዘይት አይደፍነውም።

ከሥር የሚመጣ ሙቀትም አለ። በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል ያለው ባዶ ቦታ በደንብ ካልተናፈሰ ሙቀትና እርጥበት ይታመቁበታል፤ ከሥር ያለው እንጨት ይበሰብሳል፣ ክዳኑም በሁለቱም ገጽ ይጋገራል። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ በመሠረቱ ለ150 ካሬ ሜትር የኮርኒስ ወለል 1 ካሬ ሜትር የአየር መተላለፊያ ይጠይቃል፤ አንዳንድ ሁኔታዎች ሲሟሉ ይህ በግማሽ ሊቀንስ ይችላል። መተንፈሻው የተዘጋ ጣሪያ ላይ ዘይት መርጨት ምክንያቱን ትቶ ምልክቱን ማከም ነው።

ለርጭት የሚመች ጣሪያና አሠራሩ

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው ተነሥቶ የሚመቸውን ጣሪያ መለየት አያስቸግርም። በጣም አዲስ ክዳን አያስፈልገውም፤ በቂ ቅባት ላለው ሬንጅ ተጨማሪ ሲሰጠው ከልክ በላይ ሊለሰልስ ይችላል። በጣም ያረጀው ደግሞ የሚይዘው ጠጠር የለውም። የሚቀረው መካከለኛው ነው፤ ጠጠሩ በአብዛኛው በቦታው ያለ፣ ጠርዙ ያልተቆለመመ፣ ነገር ግን መድረቅ የጀመረ ክዳን። ከዕድሜው ይልቅ ይዞታው ይወስናል፤ በአንድ ቤት ላይ እንኳ ወደ ደቡብ ያዘነበለው ተዳፋት ከሰሜኑ ቀድሞ ሊያልፍበት ይችላል።

ልስላሴን የሚፈትን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የክዳኑን ጠርዝ በጣቱ በትንሹ ቀና አድርጎ ያያል። ይህ ሙከራ ሁለት ወጥመድ አለው። በሞቃት ቀትር የደረቀ ሬንጅም ይለሰልሳልና ጥሩ ይመስላል፤ ቀዝቀዝ ባለ ጠዋት የሚገኘው መልስ ይበልጥ ይታመናል። ሁለተኛ፣ የተጣበቀውን ክዳን ማላቀቅ ከላይ የተጠቀሰውን የማጣበቂያ መስመር መስበር ነው። አሮጌ ማጣበቂያ አንዴ ከተላቀቀ እንደ አዲሱ መልሶ አይዝም። ስለዚህ ፈተናው ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ተደርጎ በማጣበቂያ ይዘጋል።

ከርጭቱ በፊት የተሰበሩ ክዳኖች ይቀየራሉ፣ ሚስማሮች ይመለሳሉ፣ ቅጠልና የድንጋይ ሽበት ይጠረጋል። በኃይለኛ የውኃ ግፊት ማጠብ ጠጠሩን ስለሚያረግፍ አይመከርም። ጣሪያው ደረቅ መሆን አለበት፤ ዝናብ የሚጠበቅበት ቀን አይመረጥም። ፈሳሹ በዝቅተኛ ግፊት፣ በተለካ መጠን ይረጫል። ከበዛ ሬንጁ ይጣበቃል፣ ሲረግጡት ጠጠር ያንሸራትታል። ሜቲል ኤስተር አንዳንድ የጎማ ዓይነቶችን ስለሚያሳብጥ የቧንቧ አንገትጌዎች ይሸፈናሉ ወይም ወዲያው ይጠረጋሉ። የተረጨ ጣሪያ እስኪመጥጥ ድረስ እጅግ ያንሸራትታል፤ በዚህ ሰዓት ላዩ ላይ የሚወጣ ሰው መኖር የለበትም።

ማስረጃውና ክርክሩ

ዘይቱ ያረጀ ሬንጅን እንደሚያለሰልስ አከራካሪ አይደለም፤ የመንገድ ምርምር ለዓመታት ያሳየው ነው። አከራካሪው ልስላሴው ስንት ዓመት ወደሚቆይ ዕድሜ ይመነዘራል የሚለው ነው። የሙከራ ቤት ክዳኑን በዘንግ ዙሪያ አጥፎ ይሰነጠቅ እንደሆነ ያያል፤ በብሩሽ አሽቶ የረገፈውን ጠጠር ይመዝናል፤ በመብራትና በውኃ እያፈራረቀ እርጅናን ያፋጥናል። እነዚህ ሁሉ ጠቃሚ መለኪያዎች ናቸው፤ ነገር ግን ከሳምንታት ሙከራ ወደ 15 ዓመት የሚወስደው ድልድይ በግምት የተሠራ ነው። በተጨማሪም ብዙው ውጤት የሚወጣው ከሻጮቹ እጅ ወይም በእነሱ ወጪ ከተሠራ ሙከራ ነው።

የደንበኞች ምስክርነትም በቀላሉ ያሳስታል። በ15ኛ ዓመቱ ተረጭቶ በ20ኛው ያላፈሰሰ ጣሪያ፣ ባይረጭም ላያፈስ ይችል ነበር። ልዩነቱን ሊያሳይ የሚችለው በአንድ ጣሪያ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ግማሹ ተረጭቶ ግማሹ ሳይረጭ ለዓመታት ሲታይ ነው።

የክዳን አምራቾች በበኩላቸው በተሰቀለ ሺንግል ላይ ማንኛውንም ነገር መቀባትን በጥርጣሬ ያያሉ። ልብ ሊባል የሚገባው ሽፋን (ላይ ላዩን የሚጋገር ቀለም መሰል ነገር) እና ሰራጊ ዘይት አንድ አለመሆናቸው ነው። ሽፋን እርጥበትን አፍኖ ክዳኑን ሊያቆለምም ይችላል፤ ሰራጊው ይህ ችግር የለበትም። አምራቾች አዲስ ጣሪያ በመሸጥ እንደሚኖሩ፣ ረጪዎችም ርጭት በመሸጥ እንደሚኖሩ አለመዘንጋት ሁለቱንም ወገን በልኩ ለመስማት ይረዳል።

ዋስትናና ኢንሹራንስ

የክዳን ዋስትና ብዙውን ጊዜ አምራቹ ያልፈቀደው ነገር ከተቀባ ሊሰረዝ እንደሚችል የሚገልጽ አንቀጽ አለው። ጣሪያው ለርጭት በሚደርስበት ዕድሜ ግን የብዙው ዋስትና ዋጋ ከዓመት ዓመት ተቀንሶ ከሞላ ጎደል አልቋል። ዋስትናው በስንተኛው ዓመት ላይ እንዳለና ምን ያህል እንደሚከፍል ካልታወቀ የሚጠፋው ነገር መጠን አይታወቅም።

የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ከክዳኑ ልስላሴ ይልቅ የተሰቀለበትን ዓመት ይመለከታሉ። ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው ሕግ ከ15 ዓመት በታች የሆነን ጣሪያ በዕድሜው ብቻ አልቀበልም ማለትን ከልክላለች፤ 15 ዓመት የሞላው ደግሞ ቢያንስ 5 ዓመት የማገልገል አቅም እንዳለው በምርመራ ከተረጋገጠ በዕድሜው ብቻ ሊገፋ አይችልም። እንዲህ ባለ ቦታ የሚፈለገው ብቃት ያለው መርማሪ የሚፈርመው ወረቀት ነው፤ የረጪው ደረሰኝ አይተካውም።

ዘይቱ ካረጀ ክዳን መጨረሻ ጋር ያለው ግንኙነት

በአሜሪካ በየዓመቱ ከ10 ሚሊዮን ቶን በላይ የሺንግል ቆሻሻ ይወጣል፤ አብዛኛው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይቀበራል። ጥቂቱ ግን ተፈጭቶ ወደ መንገድ አስፋልት ይገባል፤ በብዙ ግዛቶች ከድብልቁ ክብደት እስከ 5 በመቶ ብቻ ይፈቀዳል። ወሰኑ ዝቅ ያለበት ምክንያት የጣሪያ ሬንጅ በፋብሪካም በፀሐይም ሁለት ጊዜ ስለደረቀ መንገዱን ሰንጣቃ እንዳያደርገው በመሥጋት ነው። የመንገድ መሐንዲሶች በድብልቁ ላይ የተክል ዘይት የሚጨምሩትም ያንን ድርቀት ለማካካስ ነው። በዚያ ያለው ሁኔታ ከጣሪያው ይሻላል፤ ዘይቱ በትኩስ ድብልቅ ውስጥ በእኩል ይሰራጫል፣ መጠኑም በግራም ተመዝኖ ይገባል።